ሟች ሆኜ የከረምሁበት ክረምት

ባለፈው ወር አንዲት የሥራ ባልደረባዬን ዘጌ ላሻግራት ከወደቡ ላይ ቆመን ስንጠብቅ፣ ባለ ጀልባው ላይፍ ጃኬት አቀበለኝ። እርጥብ ነበር። በአንገቴ ሳጠልቀው ሽታው ፊቴን መታኝ፤ የሻገተ ስፖንጅ፣ ቤንዚን፣ የዓሣ ቅርፊት።

“ምነው፣ ፈራሽ እንዴ?” አለችኝ ባልደረባዬ።

“ኧረ አልፈራሁም” አልኋት። ማሰሪያውን ግን ሁለት ጊዜ ፈትሼ አጠበቅሁት። ጀልባዋ ሞተሯን አስነሥታ ከዳር እስክትርቅ ድረስ ተመልሼ የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሆኜ ነበር።

በዚያ ክረምት ሥራዬ መስጠም ነበር። ትምህርት ቤት ሲዘጋ የሰፈራችን ልጆች ግማሾቹ አያቶቻቸው ዘንድ ገጠር ይሄዳሉ፣ ግማሾቹ በቆሎ እሸት ሲጠብሱ ይውላሉ። እኔ ግን በሳምንት ሦስት ቀን ከቀትር በፊት ጣና ላይ እሰጥም ነበር፤ ሰዎች እየዋኙ መጥተው ያወጡኛል፤ አንዳንዴ በጊዜ፣ አንዳንዴ ሳይደርሱ።

ነገሩ የመጣው በእናቴ ነው።

እናቴ ጥሩወርቅ የደቅ ልጅ ናት። ደቅ ደሴት ነው፤ እዚያ ያደገ ሰው ከውሃ ጋር አብሮ ነው የሚያድገው። ባሕር ዳር ከገባች ወዲህ ከወደቡ ጎን በቆርቆሮ ከለላ ሥር ዓሣ እየጠበሰች ትሸጥ ነበር። አባቴ ቆጋ፣ መስኖው ላይ ይሠራ ስለነበር በወር ሁለት ቅዳሜ ቢመጣ ነው። ስለዚህ ቤቱ የእኔና የእሷ ነበር።

ከዚያ ክረምት በፊት በነበረው ዓመት፣ ከገዳም ንግሥ የሚመለሱ ሰዎችን የጫነች ጀልባ ልትደርስ ጥቂት ሲቀራት ከወደቡ ፊት ለፊት ተገልብጣ ነበር። እኔ ትምህርት ቤት ነበርሁ፤ ያየችው እናቴ ናት። የቆመው ሰው ሁሉ ይጮህ ነበር አሉ። ዋናተኛ ጠፍቶ አልነበረም፤ ምን እንደሚደረግ የሚያውቅ ሰው ነው የጠፋው። አንድ ጎልማሳ ዘሎ ገባ፤ የሚሰጥመው ሰው አንገቱን አንቆ ያዘው፤ አብረው ወረዱ። እናቴ ወደ ውሃው ገባች፤ ወገቧ ድረስ። ከዚያ በላይ እግሯ እንቢ አላት።

ከዚያ ቀን በኋላ ዓሣ እየገለበጠች ድንገት ታቆምና ለብቻዋ “ወገቤ ድረስ” ትል ነበር። እኔ ልጅ ነኝና ወገቧን የሚያማት መስሎኝ ለአባቴ ነገርሁት። አባቴ ቅባት ገዝቶ መጣ። እናቴ ቅባቱን ተቀብላ ከመደርደሪያው ላይ አስቀመጠችው።

ግንቦት ላይ ባለ ጀልባዎቹ ተሰብስበው የነፍስ አድን ቡድን ይቋቋም አሉ። አሠልጣኝ ሆነው የመጡት ሃምሳ አለቃ በላቸው ናቸው። ድሮ ምጽዋ በባሕር ኃይል ጠላቂ ነበሩ። አጭር፣ ጠይም፣ ክንዳቸው እንደ ወይራ ሥር የተጠማዘዘ ሽማግሌ። ጥልቁ ውሃ ግራ ጆሯቸውን ስለወሰደው የሚያናግራቸው ሰው ሁሉ በቀኛቸው ይቆማል፤ እሳቸውም ሲናገሩ ቅርብ ያለውን ሰው እንደ ሩቅ ሰው ይጮኹበታል።

መጀመሪያ ቀን ዐሥር ያህል ወንዶች መጡ። እናቴም መጣች፣ እኔን አስከትላ።

“እትዬ ጥሩ፣ ዓሣውን ከሥልጠናው በኋላ አምጪው፤ አሁን አልራበንም” አላት አያ ሙጨ። አያ ሙጨ ባለ ሞተር ጀልባ ነው፤ ቀልድ ሳይጨምር እግዜር ይስጥልኝ የማይል ሰው። ሁሉም ሳቁ።

ሃምሳ አለቃ አልሳቁም። ከመሬት የብሎኬት ስባሪ አንሥተው ጀልባዎች ከሚቆሙበት ጥልቅ ቦታ ወረወሩት። “ይዞልኝ የሚመጣ!” አሉ።

ክረምት ሲገባ የጣና ውሃ እንደ ጠላ ነው፤ እጅህን ክርን ድረስ ብትነክረው ጣትህን አታይም። ወንዶቹ እየተራ ጠለቁ። እያስነጠሱ ወጡ። አያ ሙጨ እፍኝ ሙሉ ጭቃ ይዞ ብቅ አለ። ከዚያ እናቴ ቀሚሷን በመቀነቷ አጥብቃ ገባች። ከላይዋ የውሃው ክብ እየሰፋ ሄዶ ጠፋ። እኔ መቁጠር ጀመርሁ፤ ሠላሳ፣ አርባ። ሃምሳ ላይ መቁጠሩን ተውሁትና “እማ!” ብዬ ጮኽሁ። ያን ጊዜ ብሎኬቱን ሆዷ ላይ አቅፋ ወጣች።

“ዓይንሽን ገልጠሽ ነው የፈለግሽው?” አሏት ሃምሳ አለቃ።

“ጨፍኜ ነው። ምን ሊታየኝ እገልጣለሁ?”

“ሌሎቻችሁስ?” ብለው ወደ ወንዶቹ ዞሩ። ሁሉም ገልጠው ነበር። “እንግዲያው ከእሷ ተማሩ” አሉ። ከዐሥሩ አራት ወንዶችና እናቴ ቀሩ፤ አያ ሙጨም ከአራቱ አንዱ ነበር።

በመጀመሪያው ሳምንት የሚያድኑት አሸዋ የሞላ ጆንያ ነበር። ሃምሳ አለቃ ግን ጆንያውን አልወደዱትም። “ጆንያ አይፈራም” አሉ አንድ ቀን ተናደው። “ሰው የሚገድለው ፍርሃት ነው። የሚፈራ ነገር ያስፈልገኛል!”

“እኔ እፈራለሁ!” አልሁ ከዳር ሆኜ።

ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። እናቴ ግን ቆጣ ብላ አየችኝ። ሃምሳ አለቃ መጥተው ከፊቴ ቁጢጥ አሉ። ዋና ትችያለሽ ወይ አሉኝ። እናቴ እንዳስተማረችኝ ነገርኋቸው። ውሃ ውስጥ እዩኝ አልኋቸው፤ አዩኝ። ከዚያ ከእናቴ ጋር ብዙ ተነጋገሩ። ጥልቅ ውሃ ላይ ያለ ላይፍ ጃኬት እንደማልገባ፣ ጀልባም ሁልጊዜ ከአጠገቤ እንደሚሆን ተስማምተው ተቀጠርሁ። ደመወዜ ከሥልጠና በኋላ አንድ ትኩስ ቆረሶ ዓሣ ነበር፣ ያውም እናቴ የጠበሰችው።

ከዚያ ወዲያ ስሜ ይታይሽ መሆኑ ቀረ። ጠዋት ጠዋት ሃምሳ አለቃ ከሩቅ፣ “ሟች መጣች?” ይላሉ። “መጥቻለሁ!” እላለሁ። ከወደቡ ራቅ ብሎ በድንጋይ መልሕቅ የታሰረ ሰማያዊ በርሜል ነበር፤ ዙሪያውን ገመድ ተጠምጥሞበታል። እዚያ ያደርሱኛል። ገመዱን ይዤ ቆይቼ ፊሽካ ሲነፋ እለቅቅና እሰጥማለሁ።

መስጠምም ትምህርት አለው። መጀመሪያ ቀን እጄን እያወዛወዝሁ “ድረሱልኝ!” ስል ሃምሳ አለቃ አስቆሙኝ።

“እንዲህ የሚጮህ ሰው ገና ትንፋሽ አለው” አሉ፤ ወደ ሠልጣኞቹ ዞረው። “የሚሰጥም ሰው አይጮህም። አፉ ከውሃው ብቅ ጥልቅ ይላል፣ እጁ ወደ ጎን ይዘረጋል፣ ዓይኑ ይፈጣል። ዝም ያለውን ፈልጉ!” ስለዚህ ዝም ብዬ መስጠም ተማርሁ።

ደግሞ ሕጎች ነበሩ። ሠልጣኞቹ ዳር ላይ ተሰልፈው ሲመልሱ ድምፃቸው በውሃው ላይ እየተንሸራተተ በርሜሉ ድረስ ይመጣልኝ ነበር። እጅህ ከደረሰ በእጅህ ሳብ፤ ካልደረሰ መቅዘፊያ ስጥ፤ ካልደረሰ ገመድ ወርውር፤ ካልደረሰ በጀልባ ሂድ፤ መዋኘት የመጨረሻው ነው። ከሁሉም በፊት ግን አንደኛው ሕግ አለ።

“ሕግ አንድ!” ይላሉ ሃምሳ አለቃ።

“አዳኝ መጀመሪያ ራሱን!” ይላሉ አምስቱም።

ከዚህ ቀጥሎ ሃምሳ አለቃ ረጅም ማብራሪያ ይሰጣሉ፤ ያ ግን እኔ ዘንድ አይደርስም። የሚደርሰኝ ሕጉ ብቻ ነው፤ ከአምስቱ ድምፅ ደግሞ ጎልቶ የሚሰማው የእናቴ ነበር። በርሜሉን አቅፌ አስበው ነበር። አዳኝ መጀመሪያ ራሱን ካዳነ፣ ሟችስ መቼ ነው ተራዋ የሚደርሰው?

ሌላም የሚያስጨንቀኝ ነገር ነበር። ሃምሳ አለቃ የእጅ ሰዓታቸውን ያያሉ፤ አዳኙ ከአራት ደቂቃ በላይ ከቆየ፣ “ሞተች!” ብለው ይጮኻሉ፤ አገር ይሰማል። አያ ሙጨ ብቻውን አራት ጊዜ ገደለኝ። “አፈር ስሆን ይቅር በይኝ፣ ሟቼ” እያለ ጃኬቴን ሲፈታልኝ ይስቃል። እኔ አልስቅም። በቤተ ክርስቲያናችን ግድግዳ ላይ ቅዱስ ሚካኤል ነፍስ የሚመዝንበትን ሚዛን ይዞ ተስሎ አይቻለሁ። “ሞተች” በተባለ ቁጥር እዚያ ሚዛን ላይ አንዲት ጠጠር የምትጨመር ይመስለኝ ነበር። ሰኔ አልቆ ሐምሌ ሲገባ ሰባት ጠጠር ደርሼ ነበር።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ የአንገቱ ትምህርት መጣ።

“ዛሬ የሚያንቅ ሟች ነው የምፈልገው” አሉኝ ሃምሳ አለቃ። “አዳኙ ሲደርስልሽ አንገቱን ያዢ። እንደ እውነት። እንዳትለቂ።”

ለአዳኞቹ የነገሩት ደግሞ ይህን ነው፦ ያነቀህ ሰው ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች አይከተልህም፤ ይዘኸው ስመጥ፤ ይለቅሃል፤ ካልለቀቀ አገጩን ግፋ፣ ደረቱን በጉልበትህ ግፋ፣ ራቅ በል፤ ከዚያ ከጀርባው ዞረህ ና። እኔ ይህን አልሰማሁም። አያ ሙጨ ሲሰምጥ ለቀቅሁት፤ ሌሎቹንም ለቀቅኋቸው። እናቴ ስትመጣ ግን እናቴ ናት። አንገቷን አቀፍሁት፤ ወደ ታች ሄደች፤ ጃኬቱ ወደ ላይ እየሳበኝም ቢሆን አልለቀቅሁም። ወዴት ሄጄ ነው እናቴን የምለቅቅ?

በዚያ በቡናማው ውሃ ውስጥ ምንም አይታይም። መጀመሪያ መዳፏ ከአገጬ ሥር ገባ። አንገቴ ወደ ኋላ ታጠፈ። ከዚያ ጉልበቷ ደረቴ ላይ አረፈ፤ ገፋኝ። ውሃ ዋጥሁ። ብቅ ስል እየሳልሁ፣ ዓይኔ እየተቃጠለ ፈለግኋት። ሁለት ክንድ ያህል ርቃ ትንሳፈፋለች። ታየኛለች፤ አትመጣም።

“ጎበዝ!” ብለው ጮኹላት ሃምሳ አለቃ።

ያን ቀን የሰጠችኝን ዓሣ ለድመት ጣልሁት። ሦስት ቀን አኮረፍኋት። እናቴ ልጅ የማባበል አመል የላትም፤ ኩርፊያዬን አየችና ተወችው። በሦስተኛው ቀን፣ ቁጭ ብላ የዓሣ ቅርፊት ስትፍቅ፣ ከፊቷ ቆምሁ።

“እማ።”

“አቤት።”

“እኔ ብሰጥምም መጀመሪያ ራስሽን ነው?”

ቢላዋው ቆመ። ቅርፊቱ ክንዷ ላይ ተለጣጥፎ ያብለጨልጭ ነበር። 

“አዎ” አለች።

ከዚያ ማብራሪያ የሚከተል መስሎኝ ጠበቅሁ። መፋቋን ቀጠለች።

ቅዳሜ አባቴ ሲመጣ እያለቀስሁ ነገርሁት። “ምነው ጥሩዬ፣ ልጅቱን ለምን ታስፈራሪያታለሽ?” አላት።

“እውነቱን ነው የጠየቀችኝ” አለችው። “እውነቱን ነገርኋት። ብትፈልግ ሥራውን ትተወው።”

እልህ ነው መሰለኝ፣ አልተውሁትም።

ነሐሴ ገባ፤ ፍልሰታ ተያዘ። እኔም እናቴም ከቅዳሴ በፊት እህል አንቀምስም፤ ቅዳሴ ደግሞ የሚወጣው ከቀትር በኋላ ነው። ሃምሳ አለቃ ተጨነቁ። “ሆዱ ባዶ የሆነ ሰው ክንዱም ባዶ ነው” አሏት።

“የእመቤታችንን ጾም ለውሃ ብዬ አልሽርም።”

“እኔስ አልጾምም ወይ? ጾሙን ሻሪ አላልሁሽም። እንግዲያው በጠዋት መጥተን በጊዜ እንጨርስ።”

እንደዚያ ሆነ። ሥልጠናው የሚያበቃበት የፈተና ቀን ግን የአያ ሙጨ ሞተር አልነሣ አለ። አንዴ ይነሣል፣ አንዴ ይጠፋል፤ ካንዴላ ፈቱ፣ አጸዱ፣ ገመዱን ሳቡ። ጠዋት መጀመር የነበረበት ፈተና ሰባት ሰዓት ላይ ተጀመረ። ሃምሳ አለቃ ወደ ምዕራብ እያዩ ከንፈራቸውን ይነክሱ ነበር። ክረምት ላይ የጣና ነፋስ ከቀትር በኋላ ነው የሚነሣው።

“ይደር ብንል?” አሉ።

“እኔ ብቻ ነኝ የምቀረው” አለች እናቴ። ወንዶቹ እየተራ አውጥተውኝ አልፈው ነበር፤ አያ ሙጨ እንኳ በሦስት ደቂቃ። ሃምሳ አለቃ ሰማዩን አዩ፤ እናቴን አዩ። ፊሽካውን ነፉ።

ወንዶቹ ከሃምሳ አለቃ ጋር ጀልባዋ ላይ ሆነው ከአጠገቤ ይጠብቃሉ። እኔ ከበርሜሉ ጎን ዝም ብዬ መስጠም ጀመርሁ። እናቴ ከዳር ተነሥታ ስትዋኝ ጭንቅላቷ በሞገዱ መካከል ብቅ ጥልቅ ይላል። ያን ጊዜ ነው ብርዱ የመጣው። ሰማዩ በዘጌ በኩል እንደ ጥላሸት ሆነ፤ ውሃው የጀርባው ጠጉር የቆመ ድመት መሰለ። እናቴ ስትደርስ ሞገዱ ከራሴ በላይ ሆኖ ነበር። እንደ ሕጉ ከጀርባዬ ዞራ የጃኬቴን ማሰሪያ ጨበጠች።

ፊሽካው ሦስት ጊዜ ተነፋ።

አንድ ጊዜ ጀምሩ ማለት ነው። ሁለት ጊዜ አቁሙ። ሦስት ጊዜ የእውነት ማለት ነው፤ እስከዚያ ቀን ሰምቼው አላውቅም። ዞር ስል፣ ከገዳም ቆርበው የሚመለሱ ሰዎችን የጫነች ጀልባ ከእኛ ወዲያ ማዶ ሆዷን ወደ ሰማይ አዙራለች። ነጭ በነጭ የለበሰ ሰው ውሃው ላይ ተበትኗል። አንዳንዱ የተገለበጠችው ጀልባ ላይ ተንጠልጥሎ ይጮሃል። ጀልባችን ወደ እነሱ ዞረች፤ ሃምሳ አለቃ ግን ተነሥተው ቆመው ለእናቴ በእጃቸው ወደ ሌላ በኩል ያመለክቱ ነበር። ነፋሱ ሁለት ሦስቱን ለይቶ ወደ እኛ አቅጣጫ እየነዳቸው ነው። እነዚያ አይጮኹም።

እናቴ በአንድ እጇ ወደ በርሜሉ ሳበችኝ። ገመዱን የእጄ አንጓ ላይ ሁለት ጊዜ ጠመጠመችው፤ ስባ አጠበቀችው። ከላይ ያለውን የጃኬቴን ቁልፍ ነካችው፤ የታችኛውን ነካችው።

“ይዘሽ ጠብቂኝ” አለች።

“እማ፣ አትሂጂ!”

ሄደች። እያንዳንዱን የክንዷን ምት አየሁ። አንዴ እንኳ ዘወር ብላ እንድታየኝ ጠበቅሁ። አንድ ምት፣ ሁለት ምት፣ ሞገድ ሸፈናት፣ ወጣች። ዘወር አላለችም። ከዚያ ዝናቡ መጣና በእኔና በእሷ መካከል መጋረጃ ጣለ።

ስንት ጊዜ እንደቆየሁ አላውቅም። በርሜሉ ይነሣል፣ ይወድቃል፤ መልሕቁ ሲይዘው ይንጠኛል፤ ገመዱ አንጓዬን ይልጠኛል። ሰባቱ ጠጠሮች ትዝ አሉኝ። ሕግ አንድ ይሄ ነው ማለት ነው አልሁ። እናቴ ራሷን ለማዳን ሄደች ብዬ እንዳላስብ፣ የሄደችው ወደ ዳር አልነበረም። ታዲያ ወዴት ነው የሄደችው? ለማን ብላ ነው እኔን የተወችኝ? እናደድ ነበር፤ ቁጣው ነው ብርዱን ያስረሳኝ።

ከዚያ እማሆይን አየኋቸው። አሮጊት መነኩሲት ናቸው፤ የጸበል ጄሪካን በብብታቸው ይዘው ይንሳፈፋሉ። ቆባቸው የለም። አጭር ሽበታቸው ጭንቅላታቸው ላይ ተለጥፏል። አንድ ሞገድ መጣና ጄሪካኑን ነጠቃቸው፤ ቢጫው ነገር እየተንከባለለ ሄደ። እጃቸው ወደ ጎን ተዘረጋ። አፋቸው ገባ፣ ወጣ። ዓይናቸው እኔ ላይ ፈጠጠ። ድምፅ የላቸውም። እኔ ክረምቱን ሙሉ ያስመሰልሁትን እሳቸው በእውነት ያደርጉታል።

ሞገዱ ወደ እኔ ገፋቸው። ጣታቸው ወደ አንገቴ መጣ። አጥብቀው ቢይዙኝ በገመድ ታስሬያለሁ፤ ማምለጫ የለኝም። በእግሬ በርሜሉን ገፋሁና በታሰረ እጄ እየተንጠለጠልሁ ወደ ማዶው ዞርሁ። ከበርሜሉ ላይ የተፈታውን የገመድ ጫፍ ሳብሁና ወረወርሁላቸው።

“ገመዱን ይያዙ እማሆይ! እኔን አይያዙ!”

“ልጄ...” አሉ። የመጀመሪያ ቃላቸው ነበር። “ልጄ፣ እጅሽን...”

እጄን ልሰጣቸው ፈለግሁ። እግዚአብሔር ያውቃል ፈለግሁ። ነጻ የነበረውን እጄን ከበርሜሉ በስተጀርባ ደበቅሁት፤ ካየሁት የምዘረጋው መሰለኝ።

“ገመዱን! ከፊትዎ ነው! ይያዙት!”

አንድ ጊዜ ጠለቁ። ሲወጡ ገመዱ ፊታቸው ላይ ነበር። ያዙት። “አንጓዎ ላይ ይጠምጥሙት!” አልኋቸው፤ እንደ ሃምሳ አለቃ እየጮኽሁ። ጠመጠሙት። በርሜሉን በመካከላችን አድርገን ፊት ለፊት ተንጠለጠልን። ከንፈራቸው ሰማያዊ ሆኗል። “እግዝእትነ ማርያም” ይላሉ፤ እኔም እከተላለሁ፤ ሞገድ አፌን ሲሞላው አቆማለሁ፤ ሲለቅቀኝ እቀጥላለሁ።

እዚያ ተንጠልጥዬ ሳለሁ የእናቴ ጉልበት ደረቴ ላይ ያረፈበት ቦታ ታወሰኝ። እኔ እማሆይን አልጠላኋቸውም። እንዲሞቱም አልፈለግሁም። ግን እጄን ደብቄያለሁ። እሷም ያን ጊዜ አልጠላችኝም ነበር ማለት ነው።

ያወጣን አያ ሙጨ ነው። ጀልባዋ ሰው ሞልታ ነበር፤ እማሆይን ከጀርባቸው በብብታቸው ገብቶ ሳባቸው፤ ከዚያ የእኔን ገመድ በቢላዋ ቆረጠው። አልቀለደም። “አለሽ?” ብቻ አለኝ። “አለሁ” አልሁት። “እማስ?” ስለው ወደ ሞተሩ ዞረ።

እናቴ ዳር ላይ ነበረች፤ በጭቃው ላይ ተንበርክካ። አንዲት ሴትዮ ብርድ ልብስ ተከናንባ ከጎኗ ታስመልሳለች፤ እሷን ነው መጀመሪያ ያወጣችው። ከዚያ ተመልሳ ጠልቃ ያወጣችው አንድ ወጣት የቤተ ክርስቲያን ተማሪ ከፊቷ ተዘርግቷል። ሁለት መዳፏን ደራርባ ደረቱን ትጫናለች፤ ትቆጥራለች። ሠላሳ ስትደርስ ሃምሳ አለቃ ጎንበስ ብለው ትንፋሽ ይሰጡታል። እንደገና ትጀምራለች። ፀጉሯ ፊቷ ላይ ወርዷል። እኔ መምጣቴን አላየችም፤ ማንንም አላየችም። እንደዚያ ሲቆጠር ብዙ ቆምሁ።

“ጥሩወርቅ” አሉ ሃምሳ አለቃ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይጮኹ ሲናገሩ ሰማኋቸው። “በቃ።”

“ገና ነው።”

“በቃ፣ ልጄ።”

“ገና ነው አልሁዎት!”

እጃቸውን በእጇ ላይ ጫኑ። ክንዷ ከእጃቸው ሥር ሆኖም ጥቂት ጊዜ መጫኑን ቀጠለ፤ ከዚያ ቆመ። ያን ቀን ከተገለበጠችው ጀልባ የቀረው እሱ ብቻ ነበር። ሃምሳ አለቃ ይህን ደጋግመው ነገሯት፤ ሁሉም ወጥቷል፣ አንዱ ብቻ ነው እያሉ። እሷ ግን የወጣቱን ነጠላ እያስተካከለች ፊቱን ትሸፍን ነበር።

አንድ ሰው እጄን ነካኝ። እማሆይ ናቸው፤ በሰው ጋቢ ተጠቅልለው መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ ቀና ብለው አዩኝ።

“አሁን ልያዝሽ?” አሉኝ።

“ይያዙኝ” አልሁ። ሁለቱን እጆቼን ያዙና መኪና መጥቶ እስኪወስዳቸው ድረስ አልለቀቁኝም።

ቤት ስንገባ ዝናቡ አባርቶ ነበር። እናቴ ውሃ አሞቀች፤ በሳፋ አድርጋ አጠበችኝ። ጾም መፍቻው ሰዓት ካለፈ ቆይቷል፤ ሁለታችንም ግን ስለ ምግብ አላነሣንም። የተላጠው አንጓዬ ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ። ቫዝሊን አመጣችና ቀስ እያለች ቀባችልኝ። ዓይኗን ከቁስሉ ላይ አላነሣችም።

“ዘወር ብዬ አላየሁሽም” አለች።

“አውቃለሁ።”

“ባይሽ ኖሮ አልሄድም ነበር።”

ውሃው በሳፋው ውስጥ ቀዝቅዟል። ከዚያ ለማንም ያልነገርሁትን ነገርኋት።

“እኔም እማሆይ እጅሽን ስጪኝ ሲሉኝ ደበቅሁባቸው።”

ቀና ብላ አየችኝ። ክረምቱን ሙሉ እንደዚያ አይታኝ አታውቅም።

“ደግ አደረግሽ” አለች።

ከዚያ ነው ሁለታችንም ያለቀስነው። እሷ ቀደመች።